የአራት ሳንቲም ቁጠባ

ባለቤቴን ያሳመንኳት በኤክሴል ነው። ሶፋው ላይ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዙሬ፣ አረንጓዴ የቀባኋትን አንዲት ሳጥን አሳየኋት። «በአንድ ዓመት ውስጥ ወጪውን ይመልሳል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ 675 ዶላር ይተርፈናል» አልኳት። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የመድኃኒት መጠን ስታሰላ ስለምትውል ቁጥር አያስፈራትም። ሳጥኗን ትንሽ አየቻትና «የእማዬ ትኬት ግማሽ ማለት ነው» አለች። እማዬ የምትለው የእኔን እናት ነው። አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ ወደ እኛ እንድትመጣ ከተጋባን ጀምሮ እናወራለን፤ የደርሶ መልስ ትኬት ደግሞ እንዲሁ ብድግ ተብሎ የሚቆረጥ አይደለም። «አዎ፣ ግማሹ» አልኳት። በቃ፣ ተፈቀደ።

የተፈቀደው ነገር ቤት ውስጥ ጥይት መሙያ ማሽን ነው።

አትደንግጡ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚህ አገር ሰው ለራሱ የሚተኩሰውን ጥይት ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢሞላ ሕጋዊ ነው፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሞልቶ ለመሸጥ ነው። ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ፦ አንድ ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሁ፣ ባሩዱ፣ ከፊት የሚወጣው አረር፣ እና ቀለሁ ቂጥ ላይ ተቀምጣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ፕራይመር የምትባል ሚጢጢ ክዳን። ሲተኮስ ሦስቱ ሥራቸውን ይጨርሳሉ፤ ናስ የሆነው ቀለህ ግን ይተርፋል፤ ደጋግሞም ያገለግላል። ስለዚህ ባዶውን ቀለህ ከመሬት ትለቅማለህ፣ ታጥበዋለህ፣ አሮጌዋን ፕራይመር አውጥተህ በአዲስ ትተካለህ፣ ባሩድና አረር ትጨምርበታለህ። ከአራቱ ውድ ከሆኑት አንዱ ቀለሁ ነው፤ እሱን በነጻ ስላገኘኸው ይቆጥባል። ይባላል።

አይቆጥብም።

ክርክሬን ከፊት ላስቀምጠው፣ በኋላ አምታታ እንዳልባል። እንደ እኔ ያለ ሰው፣ ማለትም 9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ይዞ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ኢላማ ሊመታ የሚሄድ ሰው፣ ቤቱ ጥይት ሞልቶ ገንዘብ አይቆጥብም። ቆጠብኩ የሚላችሁ ወይ አልቆጠረም፣ ወይ የቆጠረው አንዱን ዓምድ ብቻ ነው፣ ወይ ደግሞ እንደ እኔ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እያሳመነ ነው። ሦስተኛው ነው የሚያናድደኝ። ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢዝናና ምን አገባኝ? «ይቆጥባል» የሚለው ቃል ግን የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ለራስ አይደለም፤ በገንዘቡ ላይ ድርሻ ላለው ለሌላ ሰው ነው።

መጀመሪያ ሐቀኛውን ሂሳብ እንሥራ። እኔ በምገዛበት ዋጋ አንድ ሺህ ፕራይመር 80 ዶላር ነበር፤ ለአንዷ 8 ሳንቲም። አረሩ በጅምላ ሲገዛ 9.5 ሳንቲም። አንድ ፓውንድ ባሩድ 40 ዶላር ገደማ ነው፤ ለ9 ሚሊሜትር ወደ 1,400 ጥይት ይሞላል፤ ስለዚህ 3 ሳንቲም እንበል። ቀለሁን ዜሮ እናድርገው። ድምሩ 20.5 ሳንቲም። በዚያው ሰሞን የፋብሪካ ጥይት በሺህ ካርቶን ስገዛ አንዱ 24.5 ሳንቲም ይወድቃል። ልዩነቱ 4 ሳንቲም ነው።

አሥራ ስድስት በመቶ! እንዲህ ሲሉት ደስ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ካልኩሌተሩን የሚያስቀምጠው።

ታዲያ የእኔ ኤክሴል በዓመት 675 ዶላር ከየት አመጣው? ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። የፋብሪካውን ዋጋ የወሰድኩት የ50 ፍሬ ፓኮ ከሚሸጥበት የሰፈር ሱቅ ነው፤ 38 ሳንቲም። የፕራይመሩን ዋጋ ደግሞ የወሰድኩት ከ2019 የቆየ ዝርዝር ላይ ነው፤ 3 ሳንቲም። ማሽኑን የገዛሁት በ2023 ነው! በመሀሉ ስንት ነገር ሆኗል። 38 ሲቀነስ 15.5፣ በወር 250 ጥይት፣ በዓመት 3,000፤ ይኸው 675። ሥራ ላይ አንድ ባልደረባዬ አዲሱን ኮዱን ከአሮጌው ጋር ሲያወዳድር አሮጌውን በቀርፋፋ ማሽን ላይ ቢያስሮጠው ሳቅንበት ነበር የምንገድለው። እኔ ያደረግሁት ያንኑ ነው። የሚያስቀው ደግሞ ማንንም ለማጭበርበር አልተነሳሁም። ልቤ ማሽኑን አስቀድሞ ገዝቶት ስለነበር ዓይኔ የሚያነሣው ቁጥር ሁሉ የሚስማማኝ ሆነ እንጂ።

ከዚያ ዕቃው አለ። በመጀመሪያው ሂሳብ ማሽኑ ከነሞልዱ 640 ዶላር ነበር። ማሽን ብቻውን ግን ጥይት አይሞላም። ሚዛን ያስፈልጋል። ካሊፐር ያስፈልጋል። ቀለህ የሚያጸዳ የሚንቀጠቀጥ ባልዲ ያስፈልጋል። ባልዲውን ከገዛሁ በኋላ የፕራይመር ቅሪት ውስጥ እርሳስ እንዳለ፣ በደረቁ ሲጸዳ አቧራው እንደሚበንና ጋራዡ ላይ እንደሚያርፍ አነበብኩ፤ ባለቤቴም እኔ ሳልነግራት አነበበች። ስለዚህ በውሃ የሚያጥብ ሁለተኛ ባልዲ ተገዛ። የታጠበው ቀለህ መድረቅ አለበት፤ ማድረቂያ ተገዛ። ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ተገዛ። ባሩድና ፕራይመር በፖስታ ሲላክ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ የሚባል አለ፤ በአንድ ትእዛዝ ከ20 ዶላር በላይ፣ ያዘዝከው አንድ ጣሳም ይሁን አሥር። እሱን ለማካፈል ብለህ ደግሞ የማያስፈልግህን ያህል ታዝዛለህ። በስድስት ወር ውስጥ ደረሰኞቹን ስደምር 1,386 ዶላር መጣ።

1,386ን ለ4 ሳንቲም አካፍሉት። 34,650 ጥይት። በወር 250 ለሚተኩስ ሰው ከአሥራ አንድ ዓመት ተኩል በላይ ነው። ይህ ሁሉ አንድም ነገር ሳይሰበር፣ አንድም ጥይት ሳይበላሽ፣ አንድም ቀለህ ሳይጠፋ ነው። ቀለህ ደግሞ ይጠፋል። እኔ የምሄድበት የተኩስ ሜዳ ከመስመሩ ወደ ፊት የወደቀው ቀለህ የቤቱ ነው፤ ሽጉጡ ወደ ፈለገበት ነው የሚተፋው፤ አጠገብህ ያለው ሰውዬም የራሱን ሲጠርግ የአንተን አብሮ ይጠርጋል። ለነገሩ «ነጻ» የምንለውም ነጻ አይደለም፤ መጀመሪያ ከፋብሪካ ጥይት ጋር ከፍለንበታል።

እዚህ ላይ የሚነሣብኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም ስለው ኖሬያለሁ። «ፋብሪካው ትርፍ አለው፣ አከፋፋዩ ትርፍ አለው፣ መንግሥት 11 በመቶ ታክስ ይወስዳል፤ ይህን ሁሉ ቆርጠህ እንዴት አይረክስልህም?» ታክሱ እውነት ነው። የፋብሪካ ጥይት 11 በመቶ ኤክሳይዝ ይከፈልበታል፤ ፒትማን ሮበርትሰን በሚባለው የ1937 ሕግ መሠረት ገቢው ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ለራስህ ሞልተህ የምትተኩሰው ላይ ይህ የለም። ግን ፋብሪካው ናሱን የሚገዛው በቶን ነው፤ ፕራይመሩን ራሱ ይሠራዋል። አንተ ያንኑ ፕራይመር ከእሱ በችርቻሮ ትገዛለህ። በአሜሪካ ፕራይመር የሚሠሩት ታዋቂ ስሞች አራት ናቸው፦ ሲሲአይ፣ ፌዴራል፣ ሬሚንግተንና ዊንቸስተር። አራቱም ጥይት ራሳቸው ይሸጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሬሚንግተን በ2020 ከከሰረ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ፤ በ2024 ደግሞ አንድ የቼክ ኩባንያ ጠቀለላቸው። እንግዲህ ከፋብሪካ ነጻ ወጣሁ ብሎ ጋራዡ ውስጥ ደረቱን የሚነፋው ሰው፣ ያለሷ ምንም ሊሠራ የማይችላትን ክዳን የሚገዛው ከማን ነው? ተወዳዳሪው ራሱ አቅራቢው የሆነ ሰው በዋጋ አሸንፋለሁ ካለ፣ የቢዝነስ ዕቅዱን ማየት እፈልጋለሁ።

ወደ ጊዜው ልምጣ። የእኔ ዓይነት ማሽን ላይ ሲያጎርሱት በሰዓት 400 ጥይት ይወጣል። ግን ቀለሁ የሚለቀምበት፣ የሚለይበት፣ የሚታጠብበት፣ የሚደርቅበት፣ ማሽኑ ሲነክስ የሚፈታበት፣ ጥይቱ አንድ በአንድ የሚታይበት ጊዜ ሲጨመር እኔ በሰዓት ከ300 አልፌ አላውቅም። 300 በ4 ሳንቲም 12 ዶላር ነው። በ2025 የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ደሞዝ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ጋራዥ ውስጥ ቆሜ፣ እርሳስ እየነካሁ፣ በሕግ ከተፈቀደው ደሞዝ በታች ራሴን ቀጥሬያለሁ ማለት ነው። እረፍት እንኳ አልሰጠሁትም ራሴን።

«ጊዜዬን ለመሸጥ አይደለም፣ ደስ ስለሚለኝ ነው የምሠራው» ይባላል። እሺ፣ እቀበላለሁ። ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። እጀታውን ወደ ታች ስትስበው እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ነገር ይሆናል፤ አንድ ዙር ሲሞላ የተጠናቀቀ ጥይት ሳጥኑ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይወድቃል፤ ቀኑን ሙሉ የማይጨበጥ ነገር ሲጽፍ ለዋለ ሰው ይህ ድምፅ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ግን ምረጡ። ደስታ ከሆነ መዝናኛ በሉትና ከመዝናኛ በጀት ክፈሉት፣ እንደ ጂም፣ እንደ ኔትፍሊክስ። ጊዜው ሲጠየቅ «መዝናኛ ነው»፣ ገንዘቡ ሲጠየቅ «ቁጠባ ነው» ማለት ግን አይቻልም። አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የባሰው። ዊልያም ስታንሊ ጄቨንስ የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚክስ ሰው በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የማይመች ነገር ተናገረ፤ የእንፋሎት ሞተር በትንሽ ከሰል ብዙ መሥራት ሲጀምር እንግሊዝ የምታነደው ከሰል አይቀንስም፣ ይጨምራል። ነገር ሲረክስ ሰው አብዝቶ ይጠቀማል። እኔ የጄቨንስ ማሳያ ነኝ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በወር 250 ጥይት እተኩስ ነበር፤ በ24.5 ሳንቲም 61 ዶላር ገደማ። ማሽኑ ከመጣ በኋላ ጋራዡ ውስጥ ሁልጊዜ የተሞላ ሳጥን አለ፣ «ርካሽ» ነው፣ ባዶ ቀለህም ያስፈልገኛል (ይህቺን ምክንያት ልብ በሉልኝ፤ ለመሙላት እንዲመቸኝ ነበር የምተኩሰው)። በወር 600 ደረስኩ። 600 በ20.5 ሳንቲም 123 ዶላር ነው። አንዱ ጥይት ረከሰ፤ ወሩ እጥፍ ሆነ። የሜዳው ክፍያ፣ ነዳጁ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ቡና አልተጨመረም። በየወሩ አሥራ ስድስት በመቶ እየቆጠብኩ ነበር የከሰርኩት።

የጥይት ሰዎች ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አንድ የመጨረሻ ካርታ ይጥላሉ፦ «በ2020 የት ነበርክ?» ጠንካራ ነጥብ ስለሆነ በደንብ ልይዘው። በ2020 መጀመሪያ ላይ ከ20 ሳንቲም በታች ይገኝ የነበረ የ9 ሚሊሜትር ጥይት በዓመት ውስጥ 70 እና 80 ሳንቲም ደረሰ፤ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ወረርሽኙ፣ የጎዳና ግጭቱ፣ ምርጫው፣ አዲስ መሣሪያ የገዛው ሕዝብ፣ ሁሉም ተደራረበ። ከ2012 ማብቂያ በኋላም ተመሳሳይ ድርቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ማሽን የነበረው ሰው ተኮሰ፣ ያልነበረው ቆሞ አየ። እንዲህ ነው የሚተረከው።

ግን ቆይ። በዚያ ድርቅ ፕራይመርም እኮ ጠፍቷል። ከ35 ዶላር የማይበልጠው ሺህ ፕራይመር ከ100 ዶላር በላይ ሲጠየቅበት ነበር፤ እሱም ከተገኘ። ማሽን ኖሮት ፕራይመር ያልነበረው ሰው እጀታውን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የተረፈው ድሮ በርካሽ ፕራይመር ያከማቸ ሰው ነው። ያተረፈው ምንድን ነው ታዲያ? ማሽኑ ወይስ ክምችቱ? በዚያው በርካሹ ዘመን በዚያው ገንዘብ የተዘጋጀ የፋብሪካ ጥይት ገዝቶ ደረቅ ቦታ ቢያስቀምጥ፣ ጥይት ለአሥርት ዓመታት አይበላሽም፣ ያለ ማሽን፣ ያለ ባልዲ፣ ያለ አቧራ እዚያው ይደርስ ነበር። ማሽኑ የክምችቱን ምስጋና ነው የወሰደው።

ይህን እንኳ እኛ አዲስ አንማረውም። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ አገራችን ውስጥ ጥይት መገበያያ ነበር፤ ከማርያ ቴሬዛ ብር በታች ላለው ዝርዝር ከአሞሌ ጨው ጋር ገበያ ላይ ይቆጠር ነበር። ያኔ ጥይት ቆጠብኩ ያለ ሰው በትክክል ገንዘብ ቆጥቧል። ግን የቆጠበው ባለመተኮስ ነው።

ለማን ይሠራል? ለአንዳንዱ ይሠራል፤ እሱን ካልተናገርኩ እኔም ያው በአንድ ዓምድ ማሰብ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ብረት የሚመታ ተወዳዳሪ ለአንድ የፋብሪካ ጥይት ከአንድ ዶላር ተኩል በላይ ይከፍላል፤ ለ.338 ላፑዋ ደግሞ ከአምስት ዶላር በላይ። እሱ ቤቱ ሲሞላ ግማሹን ሊቆጥብ ይችላል፣ የጠመንጃውን ጠባይ አውቆ ስለሚሞላም ከፋብሪካው የተሻለ ይመታል። ሌላው ፋብሪካ የረሳው መሣሪያ ያለው ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ሜሪላንድ የሚኖሩ፣ ስልሳዎቹን ያለፉ አባት ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ እንበላቸው። አንድ የጣሊያን ካርካኖ ጠመንጃ አላቸው፤ ወራሪው ጦር በ1935 ይዞት ከመጣው ዓይነት። አባታቸው ማርኮ የነበረው እንዲህ ያለ እንደነበር ያወራሉ፤ ይህኛውን የገዙት ግን ፔንሲልቬኒያ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። ጥይቱ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም አይቀመስም። ጋሼ አንድ በአንድ የምትሠራ ትንሽ ማሽን አላቸው፤ በዓመት ስልሳ የምትሆን ይሞላሉ፤ ለአድዋና ለአርበኞች ቀን ሰሞን ሄደው ይተኩሳሉ፤ አለቀ። ማሽኔን ከመግዛቴ በፊት ምክር ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቆጥባል አይደል?» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ገንዘብ ነዋ። እርስዎ ስንት ዓመት ሞልተዋል!»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ የምሞላው የሚሸጥልኝ ስለሌለ ነው። አንተ የምትተኩሰውን ዋልማርት አጠገብህ እየሸጠልህ ምን አስጨነቀህ?»

ዋልማርት የሽጉጥ ጥይት መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፤ በ2019 ነው። ይቺን አርሜያቸው፣ ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ወጣሁ።

ገንዘብ የማይለካው ነገርም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ስሞላ የሥራ ስልኬ ጮኸ፤ ሰርቨር ወድቋል፣ ተረኛው እኔ ነኝ። አስተካክዬ ተመለስኩና ከቆምኩበት ቀጠልኩ። ከቆምኩበት መስሎኝ ነው፤ አንድ ቀለህ ያለ ባሩድ አልፏል። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ጧ ማለት የነበረበት ጥይት ፕፍ አለ። እኔ እንደ ጅል ሽጉጡን አቀባብዬ ልደግም ስል የሜዳው ተቆጣጣሪ ከኋላዬ ጮኾ አስቆመኝ። አረሩ በፕራይመሯ ኃይል ብቻ ተገፍቶ አፈሙዙ መሀል ተሰክቶ ነበር። 9 ሚሊሜትር ጥይት ሲፈነዳ በስኩዌር ኢንች እስከ 35,000 ፓውንድ ግፊት እንዲኖረው ይፈቀዳል፤ ያ ግፊት ከእጄ መዳፍ ሁለት ጣት በማትርቅ የተደፈነች ቧንቧ ውስጥ ሊለቀቅ ነበር። ተቆጣጣሪው አረሩን በዘንግ መትቶ አወጣልኝና «የራስህ ሙሌት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። አብዛኞቹ የሽጉጥ አምራቾች ቤት በተሞላ ጥይት ለደረሰ ጉዳት ዋስትና እንደማይሰጡ መመሪያቸው ላይ ጽፈውታል። አንብቤው ነበር። ኤክሴሉ ላይ ግን ረድፍ አልነበረውም።

እናቴ የመጣችው ባለፈው ሰኔ ነው። ትኬቱን የቆረጠችው ባለቤቴ ናት፣ ሦስት ወር የሌሊት ተረኛ በትርፍ ሰዓት ሠርታ። ስለ 675 ዶላሩ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበርና። ፕራይመር ተወደደ፣ በዩክሬን ጦርነት ምክንያት ባሩድ ተሻሙበት፣ የሚቀጥለው ዓመት ይሻላል። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ትኬት አይቆርጥም።

እማዬ በመጣች በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ፍለጋ ጋራዥ ገባች። ማሽኑን ዞራ አየችው፣ ቀለሁን በባልዲ አየች፣ ከሞላሁት አንዱን አንሥታ በጣቷ አገላበጠችው። የጎጃም ልጅ ናት፣ ጥይት አዲሷ አይደለም።

«አንተ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥይት እሞላለሁ፣ እማ።»

«ለምን? ሻጭ ጠፍቶ ነው?»

«አይ፣ ሻጭማ ሞልቷል።»

«እና?»

«ይቆጥባል» ልላት አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ የሽንኩርቱን ዘንቢል ይዛ። «እንዲሁ ደስ ይለኛል» አልኩ። እማዬ ጥይቱን ሳጥኑ ውስጥ መለሰችና እጇን ልትታጠብ ገባች።

ማሽኑን በመስከረም ሸጥኩት፣ ከነዕቃው በ700 ዶላር። ሊወስደው የመጣው ልጅ ከእኔ ያንሳል፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ዓይኑ ማሽኑ ላይ ሲያርፍ አወቅኩት፤ ገዝቶታል። እጮኛው መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቀዋለች። ብሎኖቹን አብረን ስንፈታ «በስንት ጊዜ ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን ትተኩሳለህ?»

«9 ሚሊሜትር።»

«በወር ስንት?»

«ሁለት መቶ ቢሆን ነው።»

ስልኬን አውጥቼ ፊቱ አካፈልኩለት። 700 ለ4 ሳንቲም፣ 17,500 ጥይት፣ በዓመት 2,400፣ ሰባት ዓመት ከምናምን። ቁጥሩን አየ፣ መኪናውን አየ።

«እሷ እንዳትሰማ» አለኝ፤ ከዚያ በአንድ በኩል አንሣልኝ ብሎ ጫንነው።